ጥርሴን አላስለብጥም

ሰው ፊት ቆሜ የምኮራበት ነገር ብዙ የለኝም። ቁመቴ አጭር ነው፤ ተረከዜን አንሥቼ ስቆም ደግሞ ተረከዙን ያነሣ አጭር ሰው እመስላለሁ። ድምፄን የዜማ መምህሬ አንድ ጠዋት ብቻ ሰምተው፣ ልጄ አንተ ወደ ጽሕፈቱ ብታዘነብል ይሻላል ብለው በፍቅር አሰናብተውኛል። ጥርሴ ግን ሸጋ ነው። ከላይም ከታችም ሙሉ፣ ነጭ፣ ሰልፍ የያዘ። በወይራ መፋቂያ ነው የያዝኩት፤ ሌላ ጥበብ የለውም። እንግዲህ የጎንደር ከተማ ሰው ጥርሱን በወርቅ ለማስለበጥ ሲጋፋ እኔ እምቢ ብዬ የደረሰብኝን ላወጋችሁ ስነሣ፣ ከዚህ ጥርስ ሌላ መመኪያ እንዳልነበረኝ እወቁልኝ። ሰው ያለችውን አንዲት ነገር እንሞርድልህ ሲሉት ዝም አይልም።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ጣሊያን ሲሄድ ፒያሳውን፣ ማኪናውን፣ ቦርሳውንና ሲኞር ደምሴን ትቶልን ሄደ። ደምሴ የኛው የጎንደር ልጅ ነው። በጣሊያን ጊዜ ከአንድ ነጭ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተቀጥሮ ስለ ነበር፣ ሲኞር የምትለዋ ቃል ስሙ ላይ ተጣብቃ ቀረች፤ እሱም አላራገፋትም። ፒያሳ ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የቆሙ ሰዓቶች ሲገቡባት በዓይኔ አይቻለሁ። እየሄዱ ሲወጡ አየሁ የሚል ሰው ካለ ግን ይምጣና ይመስክር።

ነገሩን የጀመረችው የአንድ ትልቅ ሰው ሚስት ናት። አሥመራ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ከረመችና ለጥምቀት ተመለሰች። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ ከሴቶቹ ፊት ቆማ እልል ስትል፣ ከላይኛው ጥርሷ አንዱ በጥር ፀሐይ ቦግ አለ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች እልልታቸውን አቋርጠው አፍ አፏን ያዩ ጀመር። ታቦቱ አለፈ፣ ካህናቱ አለፉ፣ ሴቶቹ ግን ያንን ጥርስ ከበው ቀሩ። በሳምንቱ ሲኞር ደምሴ ከሱቁ በር ላይ የሰዓቱን ሥዕል አስፍቆ ትልቅ ጥርስ አሣለበት። ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለ ነበርና እስከዚያ ቀን ድረስ ጥርስ ሥሎ የሚያውቀው ለሰይጣን ብቻ ስለ ነበር፣ ሥዕሉ ያስፈራ ነበር። ቢሆንም ሰው ገባ።

የሚሠራበት መሣሪያ ያው የሰዓቱ ነው። ዓይኑ ላይ የሚሰካት ማጉያ፣ ወረንጦው፣ ትንንሾቹ ሞረዶች። ጥርሱ የተበላ ሰው ከመጣ ይመልሰዋል፤ ወርቅ የሚቀመጠው በጤነኛ ጥርስ ላይ ነው ይላል። ስለዚህ ሰው ጤነኛ ጥርሱን ይዞ ይሄዳል፤ ጤነኛ ጥርሱን አስሞርዶ ያቀጥናል፤ በቀጠነው ላይ ቢጫ ቆብ አስደፍቶ ይመለሳል። ቆቡ ምን ያህሉ ወርቅ እንደ ሆነ የሚያውቀው ሲኞር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የከተማችን ጠባይ ተለወጠ። የጎንደር ሰው እንደምታውቁት ጨዋ ነው፤ ሲስቅ ወንዱ በጋቢው ጫፍ፣ ሴቷ በነጠላዋ አፍ መሸፈን ልማድ ነበር። አሁን ግን ያስለበጠ ሰው አፉ አልዘጋ አለ። እንዴት አደርክ ስትሉት ይስቃል። ከብቶቹ ታመው እንደ ሆነ ስትጠይቁት እየሳቀ አዎ፣ ሁለቱ ሞቱ ይላል። የርስት ክርክር የተረታ ሰው ከችሎት ወጥቶ ደጃፉ ላይ ፈገግ ብሎ ሲቆም፣ ባላጋራው ይግባኝ ያገኘ መስሎት ሲደነግጥ አይቻለሁ። በሁዳዴ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ የስንቱ ሰው ከንፈር ተሰነጣጠቀ። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ እንደ ሆነማ ተዉት። ወርቁ በላይኛው ጥርስ በቀኝ በኩል ስለሚደረግ፣ አልቃሹ ሁሉ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ቀኙን ለሰው እያሳየ ያለቅሳል። አንድ ቀን እኔ ሳላውቅ በቀኝ በኩል ተቀምጬ፣ ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ወደኔ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ሟቹ እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ፍርድ ቤት ደጅ፣ ከዛፉ ሥር፣ ጠረጴዛዬንና የቀለም ብርጭቆዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ባለ ጉዳይ ከየአገሩ ይመጣል፤ ነገሩን ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ የቅኔ ቤቱን ቃል ጣል ጣል እያደረግሁ አሳምሬ እጽፍለታለሁ። ከኔ ጠረጴዛ አለፍ ብሎ አለባቸው የሚባል ሌላ ጸሐፊ ነበር። አለባቸው ‹‹ሀ››ን ከ‹‹ሐ›› ለይቶ አያውቅም፤ ይህን የምለው በቅናት አይደለም፣ ወይም በቅናት ብቻ አይደለም። በየካቲት አለባቸው አስለበጠ። በመጋቢት የኔ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ባለ ጉዳይ ጠፋ።

አያ ፈንቴ የሚባሉ ከትክል ድንጋይ የሚመጡ ገበሬ ደንበኛዬ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የወሰን ክርክራቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። አንድ ማክሰኞ በጠረጴዛዬ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ወደ አለባቸው ሲያልፉ ጠራኋቸውና ምነው ምን አጠፋሁ አልኳቸው። እሳቸው ሐሰት የማይችሉ ሰው ናቸው፤ ቆመው በዱላቸው መሬቱን ቆረቆሩ።

‹‹ጽሕፈትህስ ሸጋ ነው›› አሉኝ። ‹‹ነገር ግን ዳኛው ጥርስ ያለው ሰው የጻፈውን ነው አሉ የሚያዩት።››

‹‹አያ ፈንቴ፣ እኔኮ ሠላሳ ሁለት ጥርስ አለኝ›› ብዬ አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ጎንበስ ብለው በደንብ አዩ። ‹‹አይ ልጄ፣ እኔ የምልህ ጥርስ ነው›› አሉና በሐዘን አልፈውኝ ሄዱ።

ያን ቀን ገባኝ። ጥርስ የሚለው ቃል ከኔ አፍ ወጥቶ ወደ ሲኞር ደምሴ ሱቅ ገብቷል። እኔ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስሙ ገና አልወጣለትም።

እኔም እልኸኛ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ እልኸኛ ነኝ። በነጋታው ጠዋት ፍርድ ቤት ደጅ እንደ ቆምኩ ረዥም የወይራ መፋቂያ አውጥቼ በሰው ሁሉ ፊት ጥርሴን እፍቅ ጀመር። ከዚያም ‹‹ከሠላሳ ሁለቱ ጥርሶች የቀረበ አቤቱታ›› የሚል ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ያለ ጥፋታችን ልንሞረድ ስለሆነ መንግሥት ይድረስልን የሚል ነው። እሱን ከዛፉ ሥር ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሰው ሳቀ። ሲስቅ ግን የሚያሳየው ያንኑ ወርቁን ስለ ሆነ፣ የደከምኩት ለሲኞር ሱቅ ማስታወቂያ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። ከኔ ይልቅ ቁም ነገረኛ፣ ከኔ ይልቅ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ከፋሲካ በኋላ ለአጎቴ ተዝካር ቆላ ድባ ሄጄ አራት ቀን ቆይቼ ስመለስ፣ በር ላይ ተቀበለችኝ። ሰላም ስላት አልመለሰችም፤ ፈገግ አለች። አየሁት። ላይኛው ጥርስ፣ በቀኝ በኩል።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን በስምሽ ውስጥ ያለው ወርቅ አልበቃሽም ወይ አልኳት። ተዝካሩ ላይ ከጠጣሁት ጠላ ይልቅ ያሰከረኝ ይቺ ቃል ሳትሆን አትቀርም፤ በጣም ስለ ወደድኳት ደጋግሜ አልኳት። ጥሩወርቅ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ቆይታ የነገረችኝ ይህን ነው፤ በሚካኤል ማኅበር ሴቶቹ ሁሉ አስለብጠዋል፤ ባለፈው ወር እሷ ስትገባ ከመካከል ተነሥታ ከበሩ ኋላ እንድትቀመጥ ቦታ ተለቀቀላት። ማንም ክፉ አልተናገራትም። እንዲያው ተጠጋጉና እሷ የምትገባበት ክፍተት ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ጽዋ ጠጥታለች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔም የተናገረችውን ትቼ የተናገረችበትን ጥርስ ተችቼ ተኛሁ።

የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴያችን፣ አያ ካሴ የሚባሉ፣ ጢማቸው የተከበረ፣ በቅሎ ያላቸው ሰው ነበሩ። በግንቦት የማኅበሩ አባላት በሙሉ ፎቶግራፍ እንዲነሡ ወሰኑ። ፎቶ አንሺ ከፒያሳ ይመጣል፤ የፋሲል ግንብ ከኋላ ይሆናል፤ ማኅበርተኛው ከፊት ሆኖ ይስቃል። ከዚያ አያ ካሴ እኔን ለብቻዬ ጠርተው በትሕትና አናገሩኝ። ያላሠራህ አንተ ብቻ ነህ፤ ከኋላ ቁም ብንልህ ትቀየማለህ፤ አፍህን ግጠም ብንልህ ለብቻህ የተቆጣህ ትመስላለህ፤ ስለ ማኅበሩ ፍቅር ስትል ብታሠራ ምን ይጎዳሃል አሉኝ። እኔም እምቢ ልል አፌን ስከፍት ጥሩወርቅ ከበስተኋላቸው ቆማ አየሁ። አልለመነችኝም። ዓይኗን ብቻ መሬት ላይ አድርጋ ቆማለች። ያንን ያህል ጮኼ ጮኼ፣ አንዲት ዝም ያለች ሴት ረታችኝና እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲኞር ደምሴ ሱቅ ገባሁ። የጠጉር ቆራጭ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ፎጣ አንገቴ ላይ አሰረ፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አፌ ውስጥ ገባ። ብዙ ጊዜ ካየ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ጥርስ በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ ወርቁ እንደ መስቀል ያምርበታል አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሞረዱን ጥርሴ ላይ አሳረፈና አንድ ጊዜ ጎተተው።

ያንን ድምፅ በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ በጭንቅላቴ አጥንት ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ማድረጌን አላውቅም። መንጋጋዬ እኔን ሳያማክር ተዘጋ። ችግሩ የሲኞር ጣት ገና ከውስጥ መሆኑ ነው። ሲኞር በጣሊያንኛ ጮኸ፤ እናቱን ሲጠራ ግን በአማርኛ ነበር። እኔም ለቀቅሁትና ፎጣው አንገቴ ላይ እንዳለ ከሱቁ ወጥቼ ሮጥኩ። ቅዳሜ ገበያ መሆኑን ያስታወስኩት መካከሉ ከገባሁ በኋላ ነው። የበርበሬ ሻጮቹን አለፍኩ፣ የማሩን ተራ አለፍኩ፤ በደረቴ ላይ ነጭ ፎጣ፣ በከንፈሬ ላይ የሰው ደም። ሰው እብድ ውሻ መጣ ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ከኋላዬ ሲኞር ማጉያው ዓይኑ ላይ እንደ ተሰካ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይከተለኛል። ዓይኑ በማጉያው የዶሮ እንቁላል ያህል ሆኖ ስለሚታይ ሰው ከኔ ይልቅ እሱን ፈርቶ ያዘውና እኔ አመለጥኩ።

ነገሩ ለችሎት አልደረሰም፤ በሽምግልና ተያዘ። አለባቸው ለሲኞር ማመልከቻ ጽፎለት ነበርና ሽማግሌዎቹ ፊት ተነበበ። ‹‹ነከሰ›› የሚለውን ‹‹ነቀሰ›› ብሎ ጽፎታል። እኔም የሲኞርን ጣት በመርፌ ነቅሼ ያስጌጥኩት ሆኖ ሲነበብ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ፊደሉን አረምኩ። በገዛ ክሴ ላይ ስሕተት ያረምኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አያ ካሴና ሁለት ሽማግሌዎች ተመካክረው ፍርዳቸውን ሰጡ። ሲኞርን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለዕርቁ ማሰሪያ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተመልሼ ጥርሴን አሠራለሁ። ሲኞርም በተጠቀለለ ጣቱ በደስታ እንደሚሠራልኝ ተናገረ። ተነሣሁ። ቃሌ ቀጥ ብሎ ወጣ።

‹‹ስለ ጣቱ በጉልበቴ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሰው ነኝ፣ ጥፋቴ ነው›› አልኩ። ‹‹ጥርሴ ግን ማንንም አልበደለም። ጤነኛ ነው። ጤነኛ ነገር ለዕርቅ አይሞረድም። አላስለብጥም።››

ተንበርክኬ የሲኞርን ጉልበት ሳምኩ። ሲኞር ይቅር አለኝ፤ በእውነት ክፉ ሰው አይደለም። አያ ካሴ ግን አልተዋጠላቸውም። የማኅበሩን ቃል እስክሰማ ድረስ ከጽዋው እንድለይ ተወሰነ። ጥሩወርቅ ብቻዋን ትሄድ ጀመር።

ፎቶግራፉ ያለ እኔ ተነሣ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ታጥቦ መጣ። ጥሩወርቅ ለራሷ የደረሳትን በነጠላዋ ጠቅልላ ስታመጣ ተቀብያት አየሁት። ፎቶግራፍ ወርቅ አያውቅም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያ ሁሉ ወርቅ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። ሠላሳ አንድ ሰው ከፋሲል ግንብ ፊት ተሰልፎ፣ ሁሉም በቀኝ በኩል አንዳንድ ጥርሱ እንደ ወለቀ ሆኖ ይስቃል።

እኔ ሳቅሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በማግሥቱ ፍርድ ቤት ደጅ ለማያውቀው ሁሉ አወራሁ። ሳወራ ሰነበትኩ። ማኅበርተኞቹ ግን ፎቶግራፉን በየቤታቸው ሰቀሉት፤ አያ ካሴ እንዲያውም በክፈፍ አስገቡት። ጥሩወርቅ አልሰቀለችውም፤ አልቀደደችውም፤ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እኔም በዚያን ሰሞን እሷ ስትበላ ቀስ ብላ በግራ በኩል ብቻ እንደምታኝክ አይቼ፣ ወርቁን እንዳታደክመው ትጠነቀቃለች ብዬ ይህንንም ቀለድኩበት።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ቀንና ሌት ይወርዳል። ጥሩወርቅ ጉንጯን በነጠላዋ ሸፍና መዋል ጀመረች። ብርድ ነው አለችኝ፤ ብርድ መሰለኝ። አንድ ጠዋት ከመኝታዋ አልነሣ አለች። ነጠላዋን ገለጥ ሳደርገው ፊቷ በአንድ በኩል አብጦ ዓይኗ ተከድኗል፤ ገላዋ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ከሰኔ ጀምሮ ነው አለችኝ። ምነው ሳትነግሪኝ አልኳት።

‹‹ትስቃለህ ብዬ ነው›› አለች።

ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናግሮኛል። ከማኅበር ተለይቻለሁ፤ ባለ ጉዳይ ሸሽቶኛል፤ በገበያ እብድ ውሻ ተብያለሁ። አንዱም እንደዚህች ቃል አልገባብኝም። አንድ ወር ሙሉ፣ ጥርሷ ውስጥ እሳት ይዛ፣ ከኔ ቀልድ ተደብቃ ከርማለች።

በእግሯ መሄድ አትችልም። በአካባቢያችን በቅሎ ያላቸው አያ ካሴ ብቻ ናቸው። በዝናቡ ሮጬ ደጃቸው ደረስኩ። ማመልከቻ ጸሐፊው አንድ ቃል አጣሁ። ጥሩወርቅ ታማለች ብቻ አልኩ። አያ ካሴ አንድ ነገር አልጠየቁኝም። በቅሎዋን ራሳቸው ጫኑ፤ ካባቸውን አውልቀው ኮርቻው ላይ አነጠፉ፤ ልጓሙን ይዘው በዚያ ጭቃ ከፊት መሩ። እኔ ከጎን ሆኜ ጥሩወርቅን ደገፍኳት። እንዲህ ሆነን ሐኪም ቤት ደረስን።

ሐኪሙ ቆቡን በጉጠት ሲያወልቀው ከሥሩ የነበረው ጥርስ ጠቁሮ በስብሷል፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጥርሱን ነቀለው፤ መግሉን አወጣ፤ ትኩሳቱ ካልወረደ ያሰጋታል ብሎ አስተኛት። አምስት ቀን ከአጠገቧ አልተለየሁም። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ወረደ። በአምስተኛው ቀን ብርቱኳን ጠየቀች፤ እየላጥሁ ስሰጣት ይቅር በይኝ አልኳት። ስለ የትኛው አለችኝ። ስለ ሁሉም አልኩ። ብርቱኳኑን በልታ ጨረሰችና ይቅር ብያለሁ አለች፤ ነገር ግን የፎቶግራፉን ቀልድ ደግሜ እንዳላወራ ነገረችኝ። እንግዲህ ዛሬ ለናንተ የማወራው በፈቃዷ ነው።

ጥሩወርቅ ዳነች፤ ከላይ በቀኝ በኩል ግን ባዶ ቀረ። ሲኞር ደምሴ በደረሰው ነገር ደንግጦ ቤታችን ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ክፍተቱን ግራና ቀኝ ካሉት ጥርሶች ጋር አያይዞ በነጻ እንደሚሞላላትም ተናገረ። አመስግና መለሰችው። የማኅበሩ ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ክፉ አላሰቡም፤ ሁሉም የመከሯት ግን አንድ ነገር ነው፤ እስክታሠሪው ድረስ ስትናገሪ በነጠላሽ ሸፈን አድርጊው።

የጥቅምት ሚካኤል የጽዋ ተራው የኛ ነበር። አያ ካሴ በትሕትና ሰው ልከው፣ ከሕመም ስለ ተነሣች ሌላ ሰው ተራውን ቢይዝላት ይሻል እንደ ሆነ ጠየቁ። ጥሩወርቅ ተራዬ ነው አደርጋለሁ፤ ባሌም በገዛ ቤቱ ስለ ሆነ ይቀመጣል ብላ መለሰች። ጠላውን ጠመቀች፤ ድፎ ዳቦውን ጋገረች። በቀኑ የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆርሰው ሄዱ፤ ማኅበርተኛው ቤቱን ሞልቶ ተቀመጠ። ጥሩወርቅ ከመካከል ቆመች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ለሁሉም እንኳን ደህና መጣችሁ እያለች ሳቀች። ሙሉ ሳቅ ነው፤ ክፍተቱ እንደ ተከፈተ በር ታየ።

ሴቶቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። አንዷ በእጇ ምልክት አሳየቻት፤ ሸፍኚው ማለቷ ነው።

‹‹አልሸፍንም›› አለች ጥሩወርቅ። ድምፅዋን አላነሣችም። ‹‹ይቺ ጥርሴ ጤነኛ ነበረች። ያስሞረድኳት እኔው ነኝ፤ ከናንተ ጋር ልቀመጥ ብዬ ነው ያስሞረድኳት። አሁን ሄዳለች። እኔ ግን እዚሁ ነኝ፤ ማኅበሬም ነው፤ ቤቴም ነው። ማየት የሚያስቸግረው ሰው ካለ ጽዋውን እያየ ይጠጣ።››

አያ ካሴ ጢማቸውን ይዘው ቀሩ። ከዚያ የሳቸው ባለቤት ወይዘሮ አጸደ፣ ከማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ቀድማ ያስለበጠችው፣ ነጠላዋን ከፊቷ ቀስ አድርጋ አወረደች። ቀኝ ጉንጯ አብጧል። ‹‹እኔም ከመስከረም ጀምሮ በዚህ በኩል አላኘክሁም›› አለች ለባሏ ሳይሆን ለጥሩወርቅ። ከአጠገቧ ያለችውም እኔም አለች። ከወንዶቹ መካከል ማኅበርተኛችን አለባቸው ራሱ፣ በዚያ ሁሉ ፈገግታው፣ ጣቱን ወደ አፉ ሰዶ መንጋጋውን ዳሰሰ። ሐኪም ቤቱ የት በኩል እንደ ሆነ፣ ሐኪሙ እጁ ከባድ ይሁን ቀላል፣ አንድ በአንድ ይጠይቋት ጀመር። አያ ካሴ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከነገ ወዲያ በቅሎዋ ትጫናለች፤ አስቀድማ የምትሄደው አጸደ ናት፤ ሁለተኛ እኔ ነኝ አሉ።

ይህን ጊዜ እኔ ተነሣሁ። ስምንት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። መግቢያው ግዕዝ፣ መካከሉ ሰምና ወርቅ፣ መደምደሚያው ሁሉንም አንድ በአንድ የሚነካ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጥሩወርቅ ዞር ብላ አየችኝ።

‹‹አንተ ጠላ ቅዳ›› አለችኝ።

ማንቆርቆሪያውን አነሣሁና ከበሩ ጀምሬ እቀዳ ጀመር። ለአለባቸው ቀዳሁ፤ ለወይዘሮ አጸደ ቀዳሁ፤ አያ ካሴ ዋንጫቸውን ሲዘረጉልኝ እጃቸው በእጄ ላይ ጥቂት ቆየ። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ሐኪሙ ጉጠቱን ሲያነሣ ምን አልሽው ብላ ጠየቀቻት። ጥሩወርቅም ያለችውን ነገረቻቸው፤ ከሴቶቹ ጋር እየተደጋገፈች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ነጠላዋ ከትከሻዋ አልተነሣም።